ጸበልና መድኃኒት፦ የሕመምተኛው ቃል በታሪካችን

ከአዲስ አበባም ሆነ ከድሬዳዋ ወደ ጅቡቲ የሚመጣ ዘመድ፣ ከበርበሬውና ከሽሮው ጎን አፉ በሚገባ የታሰረ የሃይላንድ ጠርሙስ በሻንጣው ይዞ መምጣቱ የተለመደ ነው። በጠርሙሱ ያለው ጸበል ነው። በዚህች ከተማ በታመመ ወገናችን ራስጌ ብዙ ጊዜ ሁለት ነገሮች ጎን ለጎን ተቀምጠው እናያለን፤ አንዱ ከአገር ቤት የመጣው ጸበል፣ ሌላው ከፋርማሲ የመጣው መድኃኒት። የእስልምና እምነት ተከታይ በሆኑ ወገኖቻችን ቤት ደግሞ በጸበሉ ፈንታ የዘምዘም ውኃ ወይም ቁርኣን የተቀራበት ውኃ ይኖራል።

እነዚህ ሁለቱ ይስማማሉን? ወይስ አንዱን የያዘ ሌላውን መተው አለበት? ጥያቄው ለታመመ ሰውና ለአስታማሚው ቀላል አይደለም። ብዙዎች በሐኪሙ ፊት ጸበሉን፣ በአጥማቂው ፊት ደግሞ መድኃኒቱን ደብቀው በመካከል ተጨንቀዋል። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» የሚለው አባባላችን ከዚህ ላይ ሌላ ትርጉም ያገኛል። የሚደበቀው በሽታው ብቻ አይደለምና፤ ሕመምተኛው እምነቱንም፣ መድኃኒቱንም፣ ጥያቄውንም ይደብቃል። በዚህ ጽሑፍ ያለፈውን አንድ መቶ ዓመት መለስ ብለን ስንመለከት፣ በጸበልና በሕክምና መካከል የነበረውን መንገድ የከፈተው ከሁሉ በፊት የሕመምተኛው የራሱ ቃል እንደነበረ እናያለን።

ንጉሠ ነገሥቱና ሐኪሞቻቸው

ዘመናዊ ሕክምና ወደ ኢትዮጵያ በስፋት የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን እንደሆነ ይታወቃል። በ1896 (እ.ኤ.አ.) ከዐድዋ ጦርነት በኋላ የሩስያ ቀይ መስቀል ሐኪሞች አዲስ አበባ ገብተው ቁስለኞችን አከሙ፤ በንጉሠ ነገሥቱ ስም የሚጠራው ሆስፒታልም በ1910 (እ.ኤ.አ.) ተመሠረተ። ምኒልክ ለአዲስ ነገር ሁሉ ዓይናቸው የተከፈተ ንጉሥ ነበሩ። ይሁን እንጂ ራሳቸው ሲታመሙ የአባቶቻቸውን መንገድ አልተዉም። ጤናቸው እየደከመ በሄደበት ጊዜ ወደ ደብረ ሊባኖስ ተጉዘው ከገዳሙ ጸበል ፈውስ ፈለጉ፤ በዚያው ዘመንም ሐኪሞቻቸውን ከአጠገባቸው አላራቁም።

ከእነዚህ ሐኪሞች አንዱ ለጅቡቲ ታሪክ ቅርብ የሆነ ሰው ነው። ከጓድሉፕ ደሴት የመጣው ዶክተር ጆሴፍ ቪታሊያን ራስ መኰንን በሐረር ባሠሩት ሆስፒታል ካገለገለ በኋላ የንጉሠ ነገሥቱ ሐኪም ሆነ። ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1902 (እ.ኤ.አ.) ድሬዳዋ ላይ የቆመው የባቡር ሐዲድ እስከ አዲስ አበባ እንዲቀጥል የተሰጠው ፈቃድም በዚሁ ሐኪም ስም የተጻፈ ነበር። እንግዲህ የኢትዮጵያው ንጉሠ ነገሥት በአንድ ወገን የደብረ ሊባኖስን ጸበል፣ በሌላ ወገን የባሕር ማዶውን ሐኪም ይዘው ነበር ማለት ነው። ይህንንም እንደ ኃጢአት የቆጠረባቸው መኖሩን አልሰማንም።

ችግሩ የመጣው ከሌላ በኩል ነበር። በጥቅምት 1902 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱን ከባድ የአንጎል ደም መፍሰስ መታቸው፤ ሰውነታቸው ሽባ ሆነ፤ አንደበታቸውም ተያዘ። ከዚያ በኋላ ስለ ሕክምናቸው የሚወስኑት ሌሎች ሆኑ። ከጀርመን የመጣ አንድ ሐኪም ንጉሡ ሳይመረዙ አልቀረም የሚል ነገር በማንሣቱ ቤተ መንግሥቱ ታወከ፤ መኳንንቱ በወገን በወገን ሆነው ተጠራጠሩ። ምኒልክ እስከ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ድረስ በአልጋ ላይ ቆይተው ዐረፉ። በመላ አገሪቱ ቃላቸው ሕግ የነበረው ሰው፣ ስለ ገዛ ሰውነታቸው አንዲት ቃል መናገር ተስኗቸው ነበር። ሕመምተኛ ድምፁን ሲያጣ ንጉሥ መሆን እንኳ እንደማያድነው ከዚህ እንማራለን።

የኅዳር በሽታና ቤተ ሳይዳ

ባቡሩ በ1917 (እ.ኤ.አ.) አዲስ አበባ ገባ። በዓመቱ፣ በኅዳር 1911 ዓ.ም.፣ ዓለምን ሁሉ ያዳረሰው የኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ ከተማዪቱን መታት። በዚያን ጊዜ በከተማዪቱ የነበሩት ሐኪሞች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ራሳቸው ታመው ተርፈዋል። ሕዝቡ «የኅዳር በሽታ» ብሎ የሰየመውን ይህን መቅሠፍት የሚያስታውሰው በሁለት መንገድ ነው። ኅዳር 12 ቀን በቅዱስ ሚካኤል በዓል ይጸልያል፤ በዚያው ቀን ደግሞ ከየደጁ ቆሻሻ እየጠረገ ያቃጥላል። «ኅዳር ሲታጠን» የምንለው ልማድ ይህ ነው። በአንድ ቀን ጸሎትም ጽዳትም ተጣምረዋል፤ ማንም ተቃራኒ ናቸው ብሎ አላሰበም።

ከወረርሽኙ ጥቂት ዓመታት በኋላ፣ በ1920ዎቹ (እ.ኤ.አ.)፣ ራስ ተፈሪ በአዲስ አበባ አንድ ሆስፒታል አቋቋሙ። ስሙንም «ቤተ ሳይዳ» አሉት። ዛሬ የካቲት 12 ሆስፒታል የሚባለው ይኸው ነው። ስሙ የተወሰደው ከዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 5 ሲሆን፣ ቤተ ሳይዳ በኢየሩሳሌም ሕሙማን የሚተኙባት መጠመቂያ ነበረች። የዘመናዊ ሕክምና ቤት በመጠመቂያ ስም መጠራቱ፣ የዘመኑ ሰዎች ሁለቱን እንዴት ያዩአቸው እንደነበር ያመለክታል።

በዐቢይ ጾም አራተኛ እሑድ «መፃጉዕ» እየተባለ የሚታሰበው የዚያ ስፍራ ሕመምተኛ ታሪክ በሌላም ምክንያት ልናስበው የሚገባ ነው። ሰውዬው 38 ዓመት ታሞ ነበር። ከመዳኑ በፊት ግን ተጠየቀ፤ መዳን ይፈልግ እንደሆነ ከራሱ አንደበት እንዲናገር ተደረገ። እርሱም ችግሩን ደብቆ አልቀረም፤ ውኃው ሲናወጥ ወደ መጠመቂያው የሚያወርደው ሰው እንደሌለው ገልጾ ተናገረ። ሕመምተኛ ይጠየቃል፤ ሕመምተኛም የጎደለውን ይናገራል። ይህ ሥርዓት ከባሕር ማዶ የመጣ አዲስ ትምህርት ሳይሆን፣ በየዓመቱ በቤተ ክርስቲያን የሚነበብ የቆየ ታሪክ ነው።

እንጦጦ፦ በተራራው ላይ የሆነው

ጥያቄው በእጅጉ የከረረው ግን በእኛው ዘመን፣ በኤች አይ ቪ/ኤድስ ምክንያት ነው። በኢትዮጵያ የመጀመሪያዎቹ የኤድስ ሕሙማን በ1986 (እ.ኤ.አ.) ተመዘገቡ። ቀጥሎ በነበሩት ዓመታት በሽታው ያልደረሰበት ሰፈር አልነበረም። በ1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲጀመር የኢትዮጵያ ጭነት ከአሰብ ወደ ጅቡቲ ዞረ፤ ከከተማው ወጣ ብሎ የሚገኘው ፒኬ 12 በከባድ መኪና ተሞላ። ከቤተሰባቸው ተለይተው በመንገድ ላይ የሚኖሩ ሾፌሮችና ረዳቶች፣ በመንገዱ ዳር የሚተዳደሩ ሴቶችም ለበሽታው የተጋለጡ ሆኑ። ከጅቡቲ የተነሣ ሕመምተኛም ብዙ ጊዜ መድረሻው አገር ቤት፣ ጸበል ቦታ ነበር።

በአዲስ አበባ አናት ላይ በእንጦጦ ማርያም አካባቢ የተሰበሰቡት ጸበልተኞች ብዙ ነበሩ። ለምን ወደዚያ እንደሄዱ መረዳት ያስፈልጋል። በዚያን ጊዜ መድኃኒቱ ለአብዛኛው ሕዝብ አልነበረም። ቫይረሱ በደማቸው የሚገኝባቸው ወገኖች ከሥራ ይባረሩ፣ የሚከራዩት ቤት ይነፈጉ፣ ከገዛ ዘመዶቻቸው ጋር በአንድ ገበታ እንዳይቀርቡ ይደረጉ ነበር። በተራራው ላይ ግን የሚቀበላቸው፣ የሚጸልይላቸው፣ እንደ እነርሱ የታመመ ጎረቤትም አገኙ። ይህ ሁሉ ለተሰበረ ልብ ትልቅ መድኃኒት እንደሆነ የሚክድ ካለ የታመመ ሰው አስታሞ የማያውቅ ነው።

በ1995 ዓ.ም. ማብቂያ (እ.ኤ.አ. በ2003) ፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በክፍያ መሰጠት ተጀመረ፤ በ1997 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ2005) ደግሞ በነጻ መታደል ጀመረ። ሕዝቡ «የዕድሜ ማራዘሚያ» አለው። ከዚህ በኋላ ነው ፈተናው የመጣው። አንዳንድ አጥማቂዎች መድኃኒት መውሰድ እምነት ማጉደል ነው ብለው አስተማሩ። አንዳንድ የጤና ባለሙያዎችም በበኩላቸው ጸበልን በንቀት ተናገሩ። ሕመምተኛው በመካከል ቆመ።

እዚህ ላይ የመድኃኒቱን ጠባይ ማወቅ ይገባል። ፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት ቫይረሱ በደም ውስጥ እንዳይባዛ ይገታዋል እንጂ ጨርሶ ከሰውነት አያስወጣውም። ስለዚህ ሰውዬው ድኛለሁ ብሎ ሲያቋርጠው ቫይረሱ እንደገና ይባዛል፤ እየተቆራረጠ ሲወሰድ ደግሞ ቫይረሱ መድኃኒቱን ስለሚለምደው ያው ኪኒን ዳግመኛ ላይሠራ ይችላል። በዚያን ጊዜ የነበረው መድኃኒት በቀን ሁለት ጊዜ፣ በ12 ሰዓት ልዩነት የሚወሰድ ነበር። በጸበል ቦታ ሰውነቱ የበረታለት ሰው መድኃኒቱን ሲተው ለጥቂት ወራት ምንም ላይሰማው ይችላል። ይህች ጊዜ ናት ብዙዎችን ያታለለችው።

ታዲያ ቋጠሮውን የፈታው ማን ነው? ብዙዎቻችን የምናስታውሰው የአቡነ ጳውሎስን ቃል ነው። ከ1992 እስከ 2012 (እ.ኤ.አ.) የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ፓትርያርክ የነበሩት አቡነ ጳውሎስ፣ በ1999 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ2007) መድኃኒቱን መውሰድ ኃጢአት እንዳልሆነ፣ ጸበሉም መድኃኒቱም ከእግዚአብሔር የተሰጡ እንደሆኑና እርስ በርሳቸው እንደማይቃረኑ በግልጽ አስታወቁ። ይህ ቃል ብዙ ሕይወት የሚያድን ነበር። የቤተ ክርስቲያኒቱ የልማትና ክርስቲያናዊ ተራድኦ ኮሚሽንም በዚያው ዘመን ካህናትን ስለ በሽታው የማስተማር ሥራ ይሠራ ነበር።

ነገር ግን ከፓትርያርኩ ቃል በፊት ሌላ ቃል ነበር፤ እርሱም የሕሙማኑ የራሳቸው ቃል ነው። መቅድም ኢትዮጵያ በ1997፣ የተስፋ ጎህ ኢትዮጵያ ደግሞ በ1998 (እ.ኤ.አ.) ሲመሠረቱ፣ ቫይረሱ በደማቸው የሚገኝባቸው ሰዎች በአደባባይ ቆመው «እኛ አለን» አሉ። በዚያን ዘመን ይህን መናገር ቤትንና እንጀራን ማጣት ነበር። መድኃኒት ይምጣልን፣ በነጻም ይሰጠን ብለው ጠየቁ፤ በየሰፈሩ እየዞሩ አስተማሩ። በየጸበሉ ስፍራም ማንም ሳያውቅባቸው ጸበላቸውን በማለዳ ጠጥተው፣ መድኃኒታቸውን በሰዓቱ የሚውጡ ነበሩ። ጸበል በብዛት ጠጥቶ ያስመለሰው ሰው ኪኒኑ አብሮ እንዳይወጣበት ጸበሉን ማስቀደም፣ መድኃኒቱን ማስከተል እንዳለበት በልምድ ያወቁት እነርሱ ናቸው። ከካህኑም ከሐኪሙም በፊት ሁለቱን በአንድ ሰውነት ያስታረቁ እነዚህ ጸበልተኞች ነበሩ ብንል ማጋነን አይሆንም።

የአባቶች መንገድስ ምን ይላል?

ይህ እርቅ አዲስ የተፈጠረ መላ አይደለም። በቤተ ክርስቲያናችን ከቅዱሳት መጻሕፍት የሚቆጠረው መጽሐፈ ሲራክ በምዕራፍ 38 ሐኪምን ማክበር እንደሚገባ፣ መድኃኒትን ከምድር ያስገኘ እግዚአብሔር እንደሆነ ይናገራል። የታመመ ሰው አስቀድሞ እንዲጸልይ፣ ቀጥሎም ለሐኪም ስፍራ እንዲሰጥ ይመክራል። ወንጌላዊው ሉቃስ ራሱ ሐኪም ነበር። ፍትሐ ነገሥትም ስለ ጾም በደነገገበት ክፍል ለታመመ ሰው ጾሙን ያላላል፤ ስለዚህ መድኃኒት ከምግብ ጋር ውሰድ የተባለ ሰው ኅሊናውን ሊጨነቅ አይገባውም፤ ለንስሐ አባቱ መንገር ብቻ በቂ ነው።

በእስልምናም መንገዱ ይኸው ነው። ነቢዩ መሐመድ ለእያንዳንዱ በሽታ መድኃኒት መኖሩን አስተምረው ሰዎች እንዲታከሙ ማዘዛቸው በሐዲስ ተመዝግቧል። ግመሉን ፈትቶ በአላህ ይመካ እንደሆነ ለጠየቃቸው ሰውም፣ አስቀድሞ እንዲያስር፣ ከዚያ እንዲመካ ነገሩት። በረመዳን የታመመ ሰው ጾሙን በሌላ ጊዜ እንዲከፍል ቁርኣን ይፈቅዳል። የኪኒኑን ሰዓት ከስሑርና ከኢፍጣር ጋር ማስማማት የሚቻልበት ጊዜም አለ፤ የማይቻልበትም አለ። ይህን የሚያውቀው ሐኪሙ ነውና ጾሙ ሳይገባ መጠየቅ ይገባል።

በጅቡቲ ላለን

ይህ ታሪክ ለእኛ ለጅቡቲ ነዋሪዎች ምን ይጠቅመናል? በዚህ አገር የታመመ ወገናችን ከአገር ቤቱ ሕመምተኛ የበለጠ አንድ ፈተና አለበት፤ እርሱም ቋንቋ ነው። ሐኪሙ የሚጽፈው በፈረንሳይኛ ነው፤ በየበሩ የሚሰማው ሶማሊኛ፣ አፋርኛና ዓረብኛ ነው። አማርኛ ብቻ የሚያውቅ ሰው በፔልቲዬ ሆስፒታልም ሆነ በሌላ ጤና ጣቢያ አንገቱን እየነቀነቀ «እሺ» ብሎ ቢወጣ፣ ሁሉን የተረዳ ይመስላል እንጂ ምኑንም ላይረዳ ይችላል። አንደበቱ ሳይታሰር ድምፁን ያጣ ማለት ይህ ነው።

የጸበልተኞቹ ጥበብ ለእኛም ይሠራል። ወደ ሐኪም ከመሄዳችን በፊት የሕመማችንን ነገር፣ መቼ እንደጀመረ፣ ምን እንደሚያብሰው፣ ምን ምን እየወሰድን እንደሆነ በወረቀት ላይ ብናሰፍር፣ ቋንቋውን የሚያውቅ ታማኝ ሰው ቀድመን ብንፈልግ ግማሹ ሥራ ያልቃል። አስተርጓሚው የሚያፍሩበት ሰው ባይሆን ይመረጣል፤ ለልጅ ሊነገር የማይገባ ሕመም በልጅ አፍ አይተረጎምምና። ሐኪሙ ፊት ከቀረብን በኋላ የበሽታውን ስም፣ የመድኃኒቱን ስም፣ ለስንት ቀን እንደሚወሰድ፣ በባዶ ሆድ ወይስ ከምግብ በኋላ እንደሆነ፣ ሰውነታችን ባይቀበለው ምን ማድረግ እንዳለብን መጠየቅ መብታችን ነው። «ጸበል እጠጣለሁ፤ እጾማለሁ» ብሎ መናገርም የሚያሳፍር አይደለም። ሐኪሙ ያላወቀውን ነገር ሊያስተካክልልን አይችልም። ኦርዶናንስ የሚባለውን የመድኃኒት ማዘዣና የምርመራ ውጤቱን በሚገባ ማስቀመጥ ደግሞ ነገ ወደ አገር ቤት ብንሄድ እንኳ ሕክምናው ከመጀመሪያው እንዳይጀመር ይረዳል።

በተለይ የሳንባ ነቀርሳ በጅቡቲ ብዙ ሰው የሚያጠቃ በሽታ ነው፤ በከተማዋ ያለው የፖል ፎር ማእከል ስሙ ለረጅም ጊዜ ከዚሁ በሽታ ሕክምና ጋር ተያይዞ የኖረው በዚሁ ምክንያት ነው። የተለመደው የነቀርሳ ሕክምና ስድስት ወር ይፈጃል። ሳሉ ግን በጥቂት ሳምንታት ሊቀልል ይችላል። ልክ እንደ እንጦጦው፣ እዚህም አታላዩዋ ጊዜ ያቺ ናት። ወደ አገር ቤት ለጸበል ለመሄድ የሚነሣ ሕመምተኛ ካለ ጉዞውን ሰርቆ ከመሄድ ይልቅ ለሐኪሙ ነግሮ፣ የሚበቃውን መድኃኒትና የሕክምና ወረቀቱን ይዞ ቢሄድ ጸበሉንም ሕክምናውንም አያጣም።

የኤች አይ ቪን ነገር ካነሣን ደግሞ ዛሬ ነገሩ እጅግ ተለውጧል። ለአብዛኛው ሕመምተኛ ሕክምናው በቀን አንድ ኪኒን ሆኗል። መድኃኒቱን ሳያቋርጥ ወስዶ ቫይረሱ በምርመራ የማይታይበት ደረጃ የደረሰና በዚያው የጸና ሰው በግብረ ሥጋ ግንኙነት ለሌላ እንደማያስተላልፍ በሳይንስ ተረጋግጧል። ዛሬ አግብተው፣ ወልደው፣ ልጆቻቸውን ድረው የሚኖሩ ወላጆች ብዙ ናቸው። ከእነርሱ መካከል በእንጦጦ ተራራ ላይ ኪኒናቸውን በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው ይጠመቁ የነበሩ አሉ።

አንባቢ ሆይ፣ የታመመ ሰው ስንጠይቅ «እግዚአብሔር ይማርህ»፣ «አላህ ያሽርሽ» እንላለን። መልካም ምርቃት ነው፤ እንቀጥልበት። ነገር ግን ከምርቃቱ በኋላ ወንበሩን ቀረብ አድርገን አንድ ጥያቄ እንጨምር፤ «ሐኪሙ ምን አለህ? ገባህ ወይ? ነገ አብሬህ ልሂድ?» የቤተ ሳይዳው ሕመምተኛ 38 ዓመት የጎደለው ወደ ውኃው የሚያወርደው ሰው ነበር። በዚህች በባዕድ ቋንቋ በተከበበች ከተማ ላይ ያ ሰው መሆን ለእያንዳንዳችን የሚቻለን ነገር ነው።

እግዚአብሔር ለሕሙማን ሁሉ ምሕረቱን ያውርድ።